ከበሮው የሚገባበት ቦታ

ማርች 16

ሳውሙ ፊልሙን አመጣችልኝ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ኮምፒዩተሯን በፌስታል ላይ ፌስታል ደራርባ ጠቅልላ፣ ራሷ ግን ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ ውሃ እያንጠባጠበች ገባች።

«እሱ ይድረቅ እንጂ እኔስ ባሕር ለምጃለሁ» አለች።

እውነቷን ነው። ውሃው በሚጠራባቸው የበጋ ወራት የባሕር ዳሩ ሆቴል ባዋሳት ጀልባ እየሄደች፣ የመርከብ መብራት ቤት ካለበት ደሴት ጀርባ የአየር ጠርሙሷን አዝላ ስትወርድና ስትወጣ ነው የከረመችው። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብለን አየነው። አንዲት ኦክቶፐስ ድንጋይ መስላ ትቀመጣለች፤ ድንጋይነቱ ሲሰለቻት ቀለሟን ጥላ ትሄዳለች። ቢጫ ዓሦች በአንድ ላይ ይዞራሉ፣ አንድ ሰው የሚያዛቸው ይመስል። ድምፅ የለውም። «ድምፁን ገና አላጸዳሁትም፣ ለጊዜው በምስሉ ሥሪ» አለችኝ።

«ሙዚቃውን ካንቺ በቀር ለማንም አልሰጥም።»

ይህን ስትለኝ ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ከባጋሞዮ የኪነ ጥበብ ኮሌጅ ተመርቄ ወደ ከተማችን ታንጋ ከተመለስኩ ወዲህ የሠራሁት ነገር ቢኖር ዑድ ለማትወድ አንዲት ልጅ ያንኑ የዓረብ ክራር ማስተማር ነው። አሁን ግን ሜይ መጨረሻ ላይ ፊልሙ በከተማው አዳራሽ ይታያል። ከዚያ ዛንዚባር ለፌስቲቫል ይላካል። መጨረሻው ላይ በነጭ ፊደል፦ ሙዚቃ፣ ሪዚኪ ሚራጂ። ስሜን ዛሬ ጮክ ብዬ ለራሴ አንብቤዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ነው ያዘዘችኝ። አምስት ቦታ ላይ ከበሮ ትፈልጋለች። «የሠርግ ከበሮ፣ ደረት የሚመታ» አለች። ቦታዎቹን አሳየችኝ። ምንም የሚሆን ነገር የለባቸውም፤ ዓሦቹ ባንዴ ይደነግጡና ይረጋጋሉ፣ በቃ።

«ለምን እዚህ?»

«ምት ይፈልጋላ!»

ማርች 18

ዑዱ መጥቶልኛል። ለኦክቶፐሷ የሚሆን ዜማ፣ ዝግ ያለ፣ መሃሉ ላይ ሹልክ ብሎ የሚጠፋ። ከበሮው ግን አልመጣም። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ከበሮ የቆርቆሮ ድምፅ ነው ያለው።

ማርች 21

ቢ ታቱ ዘንድ ሄጄ ነበር። አሮጊቷ በሰፈራችን የሠርግ ከበሮ የሚመቱት ሴቶች መሪ ናቸው፤ እጃቸው እንደ መቅዘፊያ ነው። በረንዳቸው ላይ የከበሮው ቆዳ እንዲወጠር ፀሐይ ሊያሞቁት ይጠብቃሉ፣ ፀሐይ የለም።

«ረመዳን ሊገባ ነው» አሉኝ። «እስከዚያ ያለው ሠርግ ሁሉ የኔ ነው። ሰው ከጾሙ በፊት ካላገባ የሚሞት መስሎታል።»

«አንድ ከሰዓት ብቻ ቢ ታቱ፣ እባክዎ።»

«ጾሙ ከገባ ደግሞ ከበሮ አልነካም። ማንም አይነካም። ከዒድ በኋላ ነይ።»

«ፊልሙ ይደርስብኛል እኮ።»

«የዓሣ ፊልም አይደል? ዓሦቹ አያረጁም። ጠብቂ።»

አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ስመለስ መንገዱን ሙሉ ተናድጄ ነበር። ምን አለ ቀደም ብዬ ብሄድ! ሁልጊዜ አንድ ሳምንት ዘግይቼ ነው የምነቃው።

ማርች 24

ወንድሜ ሙሂዲን ማምሻውን ከባሕር ገባ። ጀልባውን እማ ገና ከሩቅ ትለየዋለች። ሞተሩ ሦስት ይመታና አንዱን ይዘላል፣ እንደሚያነክስ ሰው። ስትሰማው ተነስታ ኮኮናት መፋቅ ትጀምራለች፤ ፍቃ ስትጨርስ እሱ በር ላይ ነው።

«እሺ ፕሮፌሰር! ዓሦቹ ዘፈን አማረን አሉ? እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም።»

«አንተን ምን ብለው ይጠይቁህ? ገና ሲያዩህ ይሮጣሉ።»

«ሳውሙ የት የት ነው የቀረጸችው?»

«ከደሴቱ ጀርባ። ጃንዋሪ ላይ።»

«ድምፅም ትይዛለች?»

«ትይዛለች እንጂ። ከጀልባ ላይ ማይክ ውሃ ውስጥ ታወርዳለች።»

ተነስቶ እጁን ታጠበ። ሳይበላ ወጣ። ደክሞት ይሆናል።

ያመጣው ዓሣ ዛሬም ልፍስፍስ ያለ ነበር። እማ ስትሰነጥቀው አከርካሪው መሃሉ ላይ ተሰብሮ ዙሪያውን ደም ቋጥሯል። ባለፈው ስትጠይቀው ጀልባው ወለል ላይ ወድቆ ነው ብሏት ነበር። ሁሉም ናቸው የሚወድቁት? ልለው ነበር፣ ረሳሁት።

ኤፕሪል 4

ጾሙ ትናንት ገባ። ራስ ምታት። ዝናብ። የከበሮውን ምት ፍራሽ ላይ በጣቴ ስሞክር እማ ከጓዳ ሰማችኝ።

«ከጾሙ በፊት ስትመቺ ነበር፣ ከጾሙ በኋላም ትመቻለሽ። መሃሉን ለአላህ ተይለት።»

ተውኩ።

ኤፕሪል 9

ሳውሙ መጣች። የሠራሁትን ሁሉ አሰማኋት። የኦክቶፐሷን ዜማ ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልፈልግም። አምስቱ ቦታዎች ላይ ስትደርስ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«ባዶ ነው።»

«ከበሮው ከዒድ በኋላ ነው፣ ነገርኩሽ እኮ። ደግሞ ሳስበው እዚህ ጸጥ ቢል አይሻልም? ዓሦቹ ራሳቸው...»

«አይሆንም።»

እንዲህ ቶሎ ስትመልስ አላውቃትም። እንግዲያውስ የባሕሩን ድምፅ ስጪኝ፣ ከሱ ጋር ላስማማው አልኳት። አንገራገረች። ጫጫታ ነው፣ ዓሣ ማጥመጃ ነው፣ ንፋስ ነው አለች። ስነዘንዛት በዲስክ ሰጠችኝና እንዲህ አለች፦ «አምስቱን ቦታ አትስሚያቸው። የተበላሹ ናቸው። ከበሮ ይሸፍናቸዋል።»

እሺ አልኩ። ከሕፃንነታችን ጀምሮ አትስሚ ያለችኝን አልሰማም።

ኤፕሪል 14

ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ ነበር፣ ጾመኛ ቤት እንደሚተኛው። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ መጀመሪያ የተፈቀደልኝን ሰማሁ። ባሕር ውስጥ ጸጥታ ያለ ይመስለኝ ነበር። የለም። ዘይት ውስጥ አንድ ነገር ሲጠበስ የሚሰማው ዓይነት ጩኸት ነው ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሳውሙ ድሮ ስትነግረኝ አላመንኳትም ነበር፤ ሽሪምፖች ናቸው፣ ትንንሾቹ የባሕር ፍጥረታት፣ ጥፍራቸውን እያጋጩ። በዚያ ላይ ዑዴን ሳስቀምጠው እንዴት አማረ! ሙዚቃ አምስት ዓመት ተምሬ ያላገኘሁትን ነገር ያገኘሁ መሰለኝ።

ከዚያ እጄ አለፈ። አልዋሽም፤ እጄ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ቦታ። ማይኩ ከጀልባው ጋር የተጋጨ ነበር የመሰለኝ። ከሰማሁት ይልቅ ገፋኝ ብል ይሻላል። ወደ ኋላ መልሼ ደገምኩት። ድምፁ ከታች ይነሳል፣ ይወፍራል፣ ከዚያ ይሰበራል። ዓሦቹ የሚደነግጡት በሱ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ከሱ በኋላ ያለው ነው። ሽሪምፖቹ ዝም ይላሉ። ያ ሁሉ የጥብስ ድምፅ ባንዴ ይቆማል፣ አንድ ሰው ምድጃውን ያጠፋው ይመስል። ከቆይታ በኋላ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይከተላል።

ድማሚት ነው። በኛ ሰፈር ቃሉን ማንም አይጠራውም፤ «እገሌ ወረወረ» ነው የሚባለው፣ እሱም በሹክሹክታ። ደሴቱ ጀርባ እንደሚወረወር ማን ያላወቀ አለ? ውሃ ውስጥ ሆኜ ግን ሰምቼው አላውቅም።

ከፍንዳታው በኋላ፣ ጸጥታው ውስጥ፣ ሞተር ይመጣል። አምስቱም ላይ። የተገደሉትን ዓሦች ሊለቅም የሚመጣ ጀልባ መሆን አለበት። ከሩቅ ነው። የማን እንደሆነ አይታወቅም። ያነክሳል፤ ግን የሚያነክስ ሞተር ስንት አለ።

ኤፕሪል 15

የሚያነክስ ሞተር ስንት አለ። ዛሬ ባሕር ዳር ቆሜ የሚገቡትን ጀልባዎች አዳመጥኩ። አንዱም አላነከሰም። ማዕበሉ ከባድ ስለነበር ግን የወጡት ጥቂቶች ናቸው።

የሳውሙን ስልክ አላነሳሁም።

ኤፕሪል 19

ዓሣ ተራ ከቢ ታቱ ጋር ተገናኘን። ከአንዱ ነጋዴ ፊት ቆመው ዓሣውን በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ። ጣታቸው ገባ፣ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

«ይሄ አልተጠመደም፣ ተደብድቧል።»

«ቢ ታቱ፣ ጾም ነው፣ ምላስዎን ይጠብቁ» አለ ነጋዴው።

«እኔማ ጾሜን ይዣለሁ። የናንተው እጅ ነው የፈታው።»

ሰዉ ሲስቅ ዘወር ሲሉ እኔን አዩኝ። ሳቃቸው ጠፋ። ቅርጫቴን ተቀበሉኝና ትንሽ መንገድ አብረን ሄድን።

«የወንድምሽ እጅ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ምን ይሆናል?»

«አላህ ይጠብቅለት።»

የሙሂዲንን ጤና ሳይሆን እጁን ነው የጠየቁኝ። ባሕር ዳር መረብ ከሚጠግኑት ሽማግሌዎች ሁለቱ አንድ አንድ እጅ ብቻ ነው ያላቸው። ልጅ ሆነን ዓሣ ነባሪ በላው እንባል ነበር።

ኤፕሪል 22

ሳውሙ ራሷ መጣች። በሩን ዘጋች። እሷ ናት የጀመረችው።

«ሰምተሻል።»

«ለሆቴሉ ብለሽ ነው አይደል? ጀልባና ነዳጅ ስለሰጡሽ። እንግዶቹ እንዳይደነግጡባቸው።»

«ሆቴሉማ ከበሮ ቢሆንለት ደስታው ነው። ለሱ ብዬ መሰለሽ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሞተሩን ሰማሽው?»

ኮምፒዩተሩን ዘጋሁት።

«ያንን ሞተር ከናንተ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ሩዝ እየበላሁ ነው የለመድኩት። እኔ ካወቅኩት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት ማን እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ? የባሕር ጠባቂዎቹ። ሙሂዲን በማግስቱ እስር ቤት ነው።»

«ታዲያ ለምን አትቆርጭውም? ድምፁን አውጥተሽ ጣይው።»

«ሞከርኩ። ዓሦቹ በምን ይደንግጡ? ሞኝ ይመስላሉ። ከበሮ ካለ ግን በከበሮው የደነገጡ ይመስላሉ።»

ከዚያ መጠየቅ የሌለብኝን ጠየቅኳት። ሥራውን ለኔ የሰጠሽኝ ለዚህ ነው ወይ አልኳት። ሙዚቃዬ ጥሩ ስለሆነ አይደለም?

«ጥሩ ነው» አለች። «ግን ጥሩ ባይሆንም ላንቺ ነበር የምሰጠው። ሌላ ሰው ቢሰማው ያወራል።»

በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሦስተኛው ሲፈነዳ ውሃ ውስጥ ነበርኩ አለችኝ። ማይኩ ከላይ፣ እሷ ከታች። ደረቷን ከውስጥ የመታት ያህል ነው የተሰማት፤ ጀልባዋ ላይ ስትወጣ ከአፍንጫዋ ደም ይወርድ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ትንሽ ቀረብ ብላ ቢሆን ኖሮ ሳንባዋ ይፈነዳ ነበር። ይህን የነገረችኝ ሌላ ሰው ላይ የደረሰ አስመስላ ነው።

ሄደች። ደህና ሁኚ አላልኳትም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? የሷን ደረት ሰምቼ የኔን ዜማ ነው ያሰብኩት።

ኤፕሪል 27

በዑድ ሞከርኩ፣ አይሸፍንም። በቫዮሊን ሞከርኩ፣ ይባስ ያጎላዋል።

ማታ ጾም ስንፈታ ሙሂዲን፣ «ፊልሙ አለቀ?»

«ከበሮ ቀርቶታል።»

«ከበሮ ጥሩ ነው» አለ ሳህኑን እያየ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ቴምር ጎረስኩበት።

ኋላ ከጓዳ የእማን ድምፅ ሰማሁ። ለሱ ነው የምትናገረው፣ ቀስ ብላ። «እህትህ ጆሮ አላት። ከኔ ነው ያገኘችው።» እኔ ትልቅ ምሥጢር ይዣለሁ ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ እማ ለካ ስንት ወር ሙሉ ያንን ዓሣ በእጇ ስትሰነጥቅ ኖራለች።

ሜይ 3

ዒድ። እማ ዶሮ አረደች። ሙሂዲን ዓሣ ላምጣ ሲላት፣ «ዛሬ ይቅርብህ» አለችው።

ሜይ 6

ከበሮው ተቀረጸ! በቢ ታቱ ቤት፣ ሰባት ሴቶች፣ በሮችና መስኮቶች ተዘግተው። ሲመቱ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። አንድ ወር ሙሉ እጃቸው ታስሮ ስለከረመ እንደ እብድ ነው የመቱት። ለጥቂት ጊዜ ሁሉንም ነገር ረስቼ ነበር፤ አጨበጨብኩ፣ ጮህኩ። እንደዚህ ዓይነት ድምፅ በሕይወቴ ቀርጬ አላውቅም።

ሲያርፉ ቢ ታቱ ላባቸውን በታጠቁት የካንጋ ጨርቅ እየጠረጉ፣ «የት ነው የሚገባው? አሳዪኝ እስቲ» አሉ።

ከምስሉ ጋር አጫወትኩላቸው። አዩ፣ ድገሚው አሉኝ፣ አዩ።

«ዓሦቹ የሚደነግጡት እኛ ሳንመታ ነው።»

«ትንሽ አዘግይቼው ነው፣ አስተካክለዋለሁ።»

«አስተካክይው እንግዲህ።» ከበሯቸውን አቅፈው ተነሱ። «እኔ የመታሁት ለሙሽራ እንደምመታው ነው። ለምን እንደምትፈልጊው ብትነግሪኝ እንደሱ አድርጌ እመታልሽ ነበር።»

ሴቶቹ ሻይ አቀረቡ። የጠጣሁትን አላውቅም።

ሜይ 11

ወስኛለሁ። ሳላጠፋው ልጻፈው።

ከበሮው ፍንዳታው ላይ አይገባም። ፍንዳታው እንዳለ ይሰማል፣ አምስቱም ቦታ። የሽሪምፖቹም ዝምታ ይሰማል፤ ከእነዚያ ቦታዎች ዑዱንም አውጥቻለሁ። ከበሮው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሞተሩ ላይ። ሞተሩ ሦስት መትቶ የሚዘለው ምት አለ አይደል? እዚያ ባዶ ቦታ ላይ የቢ ታቱን ምት አስገባሁለት። ሦስት ከሞተሩ፣ አራተኛው ከከበሮው። አሁን አያነክስም። ማንም ሰው ቢሰማው የአንድ ጤነኛ ጀልባ ሞተር ነው፣ ወይም ሁሉም ከበሮ ነው።

የሳውሙን ደረት ልደብቅ አልችልም። ወንድሜንም አሳልፌ ልሰጥ አልችልም። ግማሹን ተናግሬ ግማሹን በገዛ እጄ ሸፈንኩ፤ አሳፋሪው ነገር ደግሞ፣ እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

ሳውሙ መጥታ ሰማችው። ሁለት ጊዜ።

«ሆቴሉ ያብዳል።»

«አውቃለሁ።»

«ከእንግዲህ ጀልባ አይሰጡኝም። ዛንዚባርም የሚልኩልኝ እነሱ ናቸው።»

«አውቃለሁ ሳውሙ። አልፈልግም ካልሽ ከበሮውን ወደ ነበረበት እመልሰዋለሁ።»

የማዳመጫውን ገመድ በጣቷ ጠቀለለች። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቃ፣ «ተይው። እኔ እኮ እዚያ ነበርኩ» አለች።

ሜይ 28

ደክሞኛል፣ ግን ዛሬ ካልጻፍኩ ነገ ሌላ ነገር አስመስዬ ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጠባቂዎቹ ፊት ለፊት፣ የሆቴሉ ሰዎች አጠገባቸው፣ የሰፈራችን ሰው ከኋላ፣ እናቶች ሕፃን ታቅፈው። ሙሂዲን በሩ ጋ ቆሟል፣ ግባ ቢሉትም አልገባም። ኦክቶፐሷ ስትሄድ ልጆቹ ሳቁ። እኔም ለትንሽ ጊዜ ደስተኛ ነበርኩ።

ከዚያ የመጀመሪያው ፈነዳ። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ትልቅ ነው፤ ወንበሩ ሥር ነው የተሰማው። አንድ ሕፃን አለቀሰ። ሌላ ማንም ድምፅ አላሰማም። ሰፈሬ ሁሉ ያንን ድምፅ ያውቀዋል፣ ግን አብሮ ተቀምጦ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከዓሦቹ በኩል ሆኖ ሰምቶት አያውቅም። ዝምታው ሲመጣ የአንዱ ሽማግሌ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አንድ እጅ ካላቸው አንዱ ነበሩ፣ ተነስተው ወጡ። ከበሮው ገባ። ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ግን ጆሯቸው የሚይዘው ነገር አላገኘም። በሦስተኛው ላይ የሆቴሉ ሰውዬ ወጣ። ሳውሙ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

ስሜ በነጭ ፊደል ወጣ። ሰው ወዲያው አላጨበጨበም። የተወሰኑት ቆይተው አጨበጨቡ፣ ለቀብር እንደሚመጣ ሰው ቀስ ብለው።

ወደ ቤት ከሙሂዲን ጋር በእግር ሄድን። እማ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወደ ፊት ቀደመችን። ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የተናገረው።

«አራተኛውን ምት ሞላሽው።»

«አዎ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ሰማሁት።»

ትንሽ ሄድን። ጭቃው ይይዛል።

«ሳውሙ ውሃ ውስጥ ነበረች» አልኩት። «በሦስተኛው ጊዜ። ከአፍንጫዋ ደም ፈሷታል።»

ቆመ። የመንገድ መብራት አልነበረም፣ ፊቱን አላየሁትም።

«የኛ ሳውሙ?»

«የኛ ሳውሙ።»

መንገዱን ቀጠልን። ቤት ስንደርስ እማ በሩን ከፍታ ትጠብቀን ነበር፤ ሁለታችንንም አየችንና ገብታ ተኛች።

ሜይ 29

ጎህ ሲቀድ ወጣ። ሞተሩ ሲነሳ ነው የነቃሁት። ሦስት፣ ዝላይ። ሦስት፣ ዝላይ። መረብ ይዞ ይሁን ሌላ ነገር አላየሁም።

ልብሴን እንደለበስኩ ባሕር ዳር ሄድኩ። ጀልባው ርቋል፣ አይታይም፤ ከላይ ድምፁም ጠፍቷል። ወገቤ ድረስ ገባሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ራሴን ውሃ ውስጥ አስገባሁ።

የሽሪምፖቹ የጥብስ ድምፅ አለ፣ በሁሉም በኩል። ከበስተጀርባው፣ በጣም ቀጥኖ፣ ሞተሩ አለ። ለመተንፈስ ወጣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ። አለ። ወጣሁ፣ ገባሁ።

ሞተሩ ቆመ።

ኦክቶፐስ ሊለቅሙ የሚወርዱ ሴቶች ከኋላዬ ሲጣሩ ይሰማኛል። «ሪዚኪ! አንቺ! ምን ነካሽ በጠዋት?»

«ዝም በሉ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ናቸው። ራሴን መልሼ ከተትኩ። ሞተር ያጠፋ ሰው መረብ ሊጥል ይችላል። ሌላም ሊያደርግ ይችላል። ጆሮዬ እስኪጮህ፣ ደረቴ እስኪቃጠል ቆየሁ፤ እየወጣሁ፣ እየገባሁ፣ አንዷ ሴትዮ መጥታ ክንዴን እስክትይዘኝ ድረስ። እስከዚያ ሽሪምፖቹ ዝም አላሉም። አንድም ጊዜ።

ይህን የምጽፈው ፀጉሬ ሳይደርቅ ነው። ጀልባው ገና አልተመለሰም።